ሚዛንና በር፦ እስላማዊ የንግድ እሴቶች በሐረር ጀጎል ገበያ ታሪክና በዛሬው የቅርስ ቱሪዝም

በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር በቃል የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ የተስተካከለ



አርብ ቀን እኩለ ቀን ሲቃረብ በሐረር ጀጎል ውስጥ የቆመ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ከመስጊዶቹ የአዛን ድምፅ ይሰማል፤ የብዙ ሱቆች መዝጊያ ይገጠማል፤ በመኪና ግርግር የልብስ ሰፊዎቹ መኪና ድምፅ ይበርዳል። ከሰላት በኋላ ደግሞ ሱቆቹ ይከፈታሉ፤ መኪናዎቹም ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ለጎብኚው ይህ ፎቶ የሚነሳበት ትዕይንት ሊሆን ይችላል። ለባለሱቁ ግን ሥርዓት ነው። የቁርአን 62ኛው ምዕራፍ አማኞች ለጁምዓ ሲጠሩ ንግድን እንዲተዉ፣ ሰላቱ ሲፈጸም ደግሞ በምድር ላይ ተበትነው ሲሳያቸውን እንዲፈልጉ ያዛል። ስለዚህ ንግዱ መቋረጡም መቀጠሉም የአንዱ ትእዛዝ ሁለት ክፍሎች ናቸው።

የዛሬው ንግግሬ ከዚህ ቀላል ከሚመስል ትዝብት ይነሳል። ሐረር ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ ገብታለች። መዝገቡ ግንቡን፣ 82 መስጊዶችን፣ 102 የወልዮች መቃብርና መታሰቢያ ስፍራዎችን፣ የአደሬ ቤት እየተባለ የሚጠራውንም የመኖሪያ ቤት አሠራር ይጠቅሳል። እነዚህ ሁሉ ሊለኩ፣ ሊጠገኑና ሊጎበኙ የሚችሉ ናቸው። ከተማዋን ለዘመናት ያቆማት ግን ገበያዋ ነው፤ ገበያዋን ያቆመው ደግሞ ስለ ሚዛን፣ ስለ ውል፣ ስለ ዱቤና ስለ እንግዳ የተያዘ የጋራ እምነት ነው። ግንቡ ተጠግኖ ይህ እምነት ቢፈርስ የተጠበቀው ቅርስ ምንድን ነው? ጥያቄዬ ይህ ነው።

ሕጉ ስለ ገበያ ምን ይላል?

እስልምና በነጋዴዎች ከተማ የተወለደ ሃይማኖት ነው። ነብዩ ሙሐመድ ራሳቸው ከነብይነት በፊት ከቅፍለት ጋር የተጓዙ ነጋዴ ነበሩ። ስለዚህ በእስላማዊው ትምህርት ገበያ ፈተና ያለበት፣ ሕግም የሚገዛው ስፍራ እንጂ እንደ ርኩስ የሚሸሽ ስፍራ አይደለም። የቁርአን 83ኛው ምዕራፍ ስሙን ያገኘው ሲቀበሉ አሟልተው፣ ሲሰጡ ግን አጉድለው ከሚሰፍሩ ሰዎች ነው። በሁለተኛው ምዕራፍ ንግድ ሲፈቀድ አራጣ ተከልክሏል፤ በመላው ቁርአን ረጅሙ አንቀጽም ዕዳ እንዴት በጽሑፍና በምስክር መያዝ እንዳለበት የሚያስተምረው ነው።

ሐረር የምትከተለው የሻፊዒ መዝሀብ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩት የኢማም ነወዊ «ሚንሃጅ አጥ-ጧሊቢን» በአገራችን የእስልምና ትምህርት ማዕከላት ከሚቀሩ ዋና ዋና የፊቅህ መጻሕፍት አንዱ ነው። ሰፊ ክፍሉም ስለ ሽያጭና ስለ ውል ነው። የዚህ ትምህርት ይዘት በአጭሩ ሲታይ ሦስት መሠረቶች አሉት።

አንደኛው ጉድለትን አለመሸሸግ ነው። ነብዩ በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ሰደው ከሥሩ እርጥበት እንዳገኙ፣ ሻጩንም እርጥቡን ከላይ አድርጎ ባለማሳየቱ እንደገሠጹ በሐዲስ ተዘግቧል። ሁለተኛው የውል ግልጽነት ነው። ሻጭና ገዥ ከተዋዋሉበት ስፍራ እስካልተለያዩ ድረስ ውሉን የማፍረስ መብት አላቸው። ወደፊት ለሚደርስ ምርት አስቀድሞ ገንዘብ መስጠት፣ ሰለም የሚባለው ውል፣ የተፈቀደ ነው፤ ነገር ግን የዕቃው ዓይነትና መጠን ተለይቶ መታወቅ፣ ዋጋውም በውሉ ስፍራ ሙሉ በሙሉ መከፈል አለበት። የቡናና የእህል ነጋዴ በሚበዛበት አገር ይህ ድንጋጌ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ መገመት አያስቸግርም። ገበሬው ከመከር በፊት ገንዘብ ይቸግረዋል፤ በሰለምና ችግሩን በሚጠቀም አራጣ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ቀጭን ክር ነው።

ሦስተኛውንና ለዛሬው ርዕሳችን ዋና የሆነውን ለብቻው ላንሳው። ከሩቅ ዕቃ ጭኖ የሚመጣን ሰው ገበያ ሳይደርስ፣ ዋጋም ሳያውቅ በመንገድ ተቀብሎ መግዛት በሐዲስ ተከልክሏል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሩቁ ሰው ድካሙ በርትቶበታል፤ የዕለቱን ዋጋ አያውቅም፤ በመንገድ የሚጠብቀው ሰው ግን ያውቃል። ስለዚህ ሕጉ ባለማወቅ ላይ የተመሠረተ ትርፍን ይነቅፋል። በዚሁ ትምህርት ነብዩ ዋጋን በትእዛዝ ለመተመን ፈቃደኛ እንዳልነበሩም ተዘግቧል። ሁለቱ ሲጣመሩ የሚሰጡት ሐሳብ ይህ ነው፦ ዋጋው ነጻ ይሁን፤ ዋጋውን የማወቅ ዕድል ግን ለሁሉም ይድረስ።

አምስት በሮች ያሉት ገበያ

አሁን ወደ ሐረር እንግባ። ከተማዋ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የአዳል ማዕከል ነበረች። ግንቡን በዚያው ክፍለ ዘመን ያቆሙት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ እንደሆኑ በታሪክም በአገሬውም ትውስታ የታወቀ ነው። ነባሮቹ በሮች አምስት ናቸው፦ አስመዲን በሪ ወይም ሸዋ በር፣ አርጎብ በሪ ወይም ኤረር በር፣ ሱቁጣጥ በሪ ወይም ሰንጋ በር፣ በድሮ በሪ ወይም ቡዳ በር፣ አሱም በሪ ወይም ፈላና በር። የአገሬው ሰው ቁጥሩን ከአምስቱ የእስልምና ማዕዘናት ጋር ያያይዘዋል። እያንዳንዱ በር ሁለት ስም መያዙም ራሱ ታሪክ ይናገራል፤ ከተማዋ በውስጧ በሐረሪ፣ ከውጭ ደግሞ በጎረቤቶቿ ቋንቋ ስትጠራ ኖራለች።

በየበሩ የሚወጣው መንገድ ወደ አንድ የንግድ አቅጣጫ ይመራል። ከኦሮሞ ገበሬዎች ቡና፣ እህል፣ ቅቤና ጫት ይገባል፤ ከሶማሌ አገር በዘይላና በበርበራ በኩል ጨርቅና የባሕር ማዶ ዕቃ ይመጣል። ሌሊት በሮቹ ይዘጉ ነበር፤ ቀን ደግሞ በበሮቹ ላይ ቀረጥ ይከፈል ነበር። እዚህ ላይ በርን እንደ ጦር መከላከያ ብቻ የሚያይ ታሪክ አንድ ነገር ይዘነጋል። በር ንግድን ወደ አንድ የታወቀ ስፍራ ይሰበስባል። በመሐል ከተማ ወዳለው ታላቅ ገበያ፣ ሐረሪዎች ጊድር መጋላ ወደሚሉት፣ የደረሰ ገበሬ ከአንድ ገዥ ይልቅ ብዙ ገዥዎችን ያገኛል፤ የዕለቱንም ዋጋ ይሰማል። በመንገድ ተቀብሎ መግዛትን የሚነቅፈው ሕግና የከተማዋ ቅርጽ በዚህ ይገናኛሉ።

ከተማዋ የራሷን ገንዘብ ታትም ነበር፤ መሐለቅ የሚባለው ትንሽ ሳንቲም የአሚሮቹን ስም በዓረብኛ ይዞ በገበያው ይዘዋወር ነበር። የቤትና የመሬት ሽያጭ በዓረብኛ ይጻፍና በምስክር ይጸና ነበር። እንዲህ ያሉ ሰነዶች ዕዳን ስለ መጻፍ የተሰጠው ትእዛዝ በተግባር እንዴት እንደኖረ ከሚያሳዩን ውድ ምስክሮች መካከል ናቸው።

እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ሪቻርድ በርተን የተባለው እንግሊዛዊ ተጓዥ ወደ ከተማዋ ገብቶ አሥር ቀን ቆይቷል። የጻፈው መጽሐፍ በአውሮፓ ዘንድ ሐረርን ምሥጢራዊና የተከለከለች ከተማ አድርጎ አሳወቀ። ዛሬም የቱሪዝም ማስታወቂያዎች ይህን ምስል ይወዱታል። ነገር ግን የኦሮሞና የሶማሌ ሰው በየዕለቱ የሚገባባት፣ የሚነግድባት፣ የሚጋባባት ከተማ «የተከለከለች» የሆነችው ለማን ነው? ምስሉ የአንድ መንገደኛ ዓይን እንጂ የገበያው ታሪክ አይደለም።

ይኸው መጽሐፍ ራሱ ስለ አባን ሥርዓት ብዙ ይነግረናል። አባን ማለት በሶማሌ አገር የእንግዳ ነጋዴን ደኅንነት፣ ንብረትና ድርድር በኃላፊነት የሚይዝ ሰው ነው። ለአገልግሎቱ ይከፈለዋል፤ እንግዳው ቢጎዳ ግን ውርደቱም ተጠያቂነቱም የእርሱ ነው። ሥርዓቱ ከአገሬው ልማድ የመነጨ ነው፤ አማና ከሚባለው እስላማዊ አደራ ጋር ግን በቀላሉ ተዋሕዷል።

ሱቁን የሚይዘው ማኅበር

ዱቤ ያለ ዋስ አይኖርም። ዘመናዊ ባንክ ባልነበረበት ከተማ ዋሱ ሰው ነበር። ስለ ሐረሪ ማኅበረሰብ ያጠኑ ምሁራን ሦስት የግንኙነት ዓይነቶችን ይለያሉ፦ ዘመድነት፣ ከልጅነት የሚጀምር የባልንጀርነት ቡድን፣ እና ለሠርግና ለለቅሶ የሚተባበረው አፎቻ። አፎቻ ከመሐል አገሩ ዕድር ጋር ይቀራረባል። ባለሱቁ በገበያ ቃሉን ቢያጥፍ ወሬው በአፎቻው ይደርሳል፤ በልጁ ሠርግና በአባቱ ለቅሶ የሚቆሙለት እነዚያው ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ታማኝነት የግል ትሩፋት ብቻ አልነበረም፤ ያለ እርሱ ሊኖሩ የማይቻልበት ማኅበራዊ ሀብትም ነበር።

ወቅፍንም ማስታወስ ይገባል። በእስላማዊው ዓለም ብዙ ገበያዎች የተሠሩት ገቢያቸው ለመስጊድ፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለድሆች እንዲውል ነው። የኢስታንቡል ታላቁ ገበያ አስኳል የሆነው ሕንጻ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በሱልጣን መሕመድ ዳግማዊ ሲቆም ገቢው ለአያሶፍያ መስጊድ እንዲውል ነበር። መስጊድና ሱቅ ጎን ለጎን መሆናቸው የአቀማመጥ አጋጣሚ ብቻ አይደለም፤ አንዱ ሌላውን ይቀልባል።

ጥላውን አለመሸሸግ

እስካሁን የተናገርሁት ውብ ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ታሪክ ባልሆነም ነበር። የእህሉን እርጥብ ጎን ከላይ ማድረግ የታሪክ ተመራማሪም ግዴታ ነው። በሐረር በኩል ከሚያልፈው ንግድ አንዱ ክፍል የባሪያ ንግድ ነበር። ከደቡብና ከምዕራብ የተነጠቁ ሰዎች በዚህ መንገድ ወደ ባሕር ተወስደዋል። ስለ ትክክለኛ ሚዛን የሚጠነቀቀው ሕግ ሰውን በሚዛኑ ላይ ከማውጣት አላዳነም። የክርስቲያኑም መንግሥት ገበያዎች ከዚህ ነጻ አልነበሩም፤ ይህ ግን ለማንም ማስተባበያ አይሆንም። በቅርስነት የምንጠብቀው ገበያ ይህንንም ታሪክ ይዞ ነው። ለጎብኚው የቅመሙን መዓዛ እየነገርን የሰንሰለቱን ድምፅ ከደበቅን ሸማቹን አታለናል።

በተመሳሳይ ሁኔታ በከተሜውና በገበሬው መካከል የነበረው ግንኙነት ሁልጊዜ እኩል አልነበረም። ሐረሪዎች ከግንቡ ውጭ የእርሻ መሬት ነበራቸው፤ የኦሮሞ ገበሬዎችም በዚያ ያርሱ ነበር። ዋጋን፣ ቀረጥንና ዕዳን በሚመለከት ጥል አልጠፋም። እሴት ማለት የተደረሰበት ሁኔታ አይደለም፤ ሰው ሲበደል የሚጠቅሰው መለኪያ ነው። የተበደለው ገበሬ ወደ ቃዲ ሲሄድ የሚይዘው ክርክር ከዚያው ሕግ የተወሰደ ነበር።

መቶ ዓመት ያናወጠው ገበያ

እ.ኤ.አ. በ1875 ግብጾች በራውፍ ፓሻ መሪነት ከተማዋን ያዙ፤ አሚር ሙሐመድም ተገደሉ። ግብጾቹ በ1885 ሲወጡ አሚር አብዱላሂ ለአጭር ጊዜ ገዙ። በጥር 1887 በጨለንቆ ጦርነት ድል ያደረጉት ምኒልክ ከተማዋን ወደ ግዛታቸው አስገቡ፤ ራስ መኰንንም አስተዳዳሪዋ ሆኑ። በእነዚህ ዓመታት የሕንድ፣ የአርመንና የግሪክ ነጋዴዎች ሱቅ ከፈቱ። አርተር ራምቦ የተባለው ፈረንሳዊ ገጣሚም ግጥሙን ትቶ በቡናና በሌላም ዕቃ ነጋዴነት በሐረር ኖረ።

ከጦርነቱ ይልቅ ገበያውን የቀየረው ግን ሐዲድ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር መንገድ ተራራውን ወደ ሐረር መውጣት ስላልቻለ በ1902 ድሬዳዋ ላይ ደረሰ። አዲስ ከተማ ተወለደች፤ የቀፊራ ገበያዋም ደራ። የሐረር በሮች የነበራቸው የመሰብሰብ ኃይል ቀነሰ። ቀጥሎ በ1948 የቁልብ እንቅስቃሴ ተብሎ በሚታወቀው የፖለቲካ ጥያቄ ምክንያት ብዙ ሐረሪዎች ታሰሩ፤ ንብረትም ተወረሰ፤ ብዙ ቤተሰቦች ወደ አዲስ አበባ ተሰደዱ። የአንዋር መስጊድና የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎረቤታሞች በሆኑበት በመርካቶ ሱቅ ከያዙት መካከል እነርሱ አሉ። በ1975 ደግሞ የገጠር መሬትና ትርፍ የከተማ ቤት በአዋጅ ሲወረስ የነባሩ ኑሮ መሠረት ተናጋ።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ለአንድ ነጥብ ነው። ዛሬ ጎብኚው «ያልተለወጠ» ተብሎ የሚነገረው ገበያ ብዙ ጊዜ ፈርሶ ብዙ ጊዜ የተሠራ ገበያ ነው። በስደት አዲስ አበባ ሱቅ የከፈተው ሰው ግንቡን ተሸክሞ አልሄደም፤ የተሸከመው ቃሉን፣ አፎቻውንና የሒሳብ ደብተሩን ነው። ስለዚህ የገበያው ቅርስ ከግንቡ ይልቅ ተንቀሳቃሽ፣ ከግንቡም ይልቅ በቀላሉ የሚጠፋ ነው።

ጎብኚው በበሩ ሲገባ

አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ። ቱሪዝም ለሐረር ገቢ ያመጣል፤ ቤት እንዲጠገን፣ ሙዚየም እንዲቋቋም ምክንያት ሆኗል። በ2023 የሹዋሊድ በዓል በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ መግባቱ የብዙዎችን ኩራት አነሣሥቷል። ይህን ማቃለል አይገባም። ነገር ግን ሦስት ለውጦችን በጥንቃቄ ማየት አለብን።

የመጀመሪያው የዕቃ ለውጥ ነው። የሐረሪ ሴቶች ስፌት በቤት ግድግዳ ላይ በሥርዓት የሚሰቀል፣ ከሙሽርነትና ከእናት ወደ ልጅ ከሚተላለፍ ክብር ጋር የተያያዘ ነበር። አሁን ለሻንጣ የሚመች መጠን ይዞ ይሸጣል። መሸጡ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ሴቶቹ የራሳቸውን ገቢ ማግኘታቸው መልካም ነው። ጥያቄው ገዥው የሚያውቀው ምን እንደሆነና ከዋጋው ውስጥ ለሰፊዋ የሚደርሳት ስንት እንደሆነ ነው።

ሁለተኛው የታሪክ ለውጥ ነው። «የራምቦ ቤት» የሚባለው ያማረ ሕንጻ በብዙ ጎብኚዎች ዝርዝር ቀዳሚ ነው፤ ገጣሚው በውስጡ እንደኖረ የሚያረጋግጥ ማስረጃ ግን የለም፤ ሕንጻው ከአንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ስም ጋር የተያያዘ ነው። የነጋዴው ታሪክ ለገበያው ታሪክ የበለጠ ቅርብ ሆኖ ሳለ በሌላ ስም ተሸፍኗል። ያልሆነን ነገር ሆነ ብሎ መሸጥ በገበያው ሕግ ምን ተብሎ እንደሚጠራ አስቀድመን አይተናል።

ሦስተኛው የበሩ ለውጥ ነው፤ ከሁሉም የሚያሳስበኝም ይህ ነው። ከሩቅ መጥቶ ዋጋ የማያውቀው ሰው ዛሬ ማን ነው? ጎብኚው ነው። በበሩ ተቀብሎ ወደ አንድ ሱቅ ብቻ የሚወስደው፣ ከሻጩም ኮሚሽን የሚቀበል ደላላ በመንገድ ተቀብሎ መግዛትን የከለከለው ሕግ ከሚነቅፈው ተግባር በምን ይለያል? በሌላው ወገን ደግሞ ሰፊዋ ዕቃዋ ለጎብኚ በስንት እንደተሸጠ አታውቅም። መካከል የቆመው ሰው የሁለቱንም አለማወቅ ይሸጣል። ለዚህ መልሱ ዋጋን በትእዛዝ መተመን አይመስለኝም። መልሱ ራሱ በቅርሱ ውስጥ አለ፤ ዋጋው ለሁሉም ይታወቅ፣ መካከለኛውም እንደ ጥንቱ አባን ኃላፊነት ይውሰድ። አባንም ክፍያ ይቀበል ነበር፤ ግን ስሙን አስይዞ ነበር።

ከዚህ ተነሥቼ ለእናንተ፣ በተለይም የምርምር ርዕስ ለምትፈልጉ ተማሪዎች፣ ሦስት ሥራዎችን አቀርባለሁ። በየቤቱ ያሉትን የዓረብኛ የውል ጽሑፎችና የነጋዴ ደብተሮች ባለቤቶቻቸውን አስፈቅዶ ቅጂ ማስቀረት አንዱ ነው። ሁለተኛው ስለ ዱቤ፣ ስለ ዋስትናና ስለ አፎቻ ከአረጋውያን፣ ከሐረሪ ባለሱቆች ብቻ ሳይሆን ከኦሮሞና ከሶማሌ ገበያተኞችም፣ የቃል ታሪክ መሰብሰብ ነው። ሦስተኛው ይህ እውቀት ለአስጎብኚዎች ሥልጠና እንዲደርስ ማድረግ ነው። አስጎብኚው ስለ ጁምዓ ሰዓት ጸጥታ፣ ስለ መሐለቅና ስለ ባሪያ ንግዱ ጭምር በእውነት መናገር ከቻለ ጎብኚው ከጌጡ በላይ ይዞ ይመለሳል።

ክቡራትና ክቡራን፤ ግንብ ሲሰነጠቅ ይታያል፤ በድንጋይና በጭቃ ይጠገናል። ሚዛን ሲዛባ ግን መጀመሪያ የሚያውቀው የተበደለው ሰው ብቻ ነው። ሐረር ለዓለም የምታሳየው ነገር ካለ በግንብ የታጠረች ከተማ መሆኗ ብቻ አይደለም፤ ልዩ ልዩ ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች በአንድ ገበያ ተገናኝተው በአንድ መለኪያ ለመዳኘት ያደረጉት ረጅም፣ ብዙ ጊዜም የተሰናከለ ጥረት ነው። ይህን ጥረት የሚወርሰው በዚያ ሠፍሮ የሚሸጠው፣ ለክቶም የሚገዛው ሰው ነው፤ እኛም ልናግዘው የምንችለው ታሪኩን ሳናጎድል በመስፈር ነው።

 ለጥያቄና ለውይይት ዝግጁ ነኝ።